የመነጽር ክዳን በአቧራማው ቆላ

የመነጽር ክዳን የባይኖኩላርን፣ የካሜራን ወይም የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽርን የፊትና የኋላ ሌንስ ከአቧራ፣ ከዝናብና ከጭረት የሚከልል ሽፋን ነው። ከፕላስቲክ፣ ከላስቲክ፣ ከብረት ወይም ከጨርቅ ይሠራል። ከመነጽሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ገዢው ብዙም አያስብበትም፤ ሻጩም ከዕቃው ጋር አብሮ የመጣውን ሰጥቶ ይሸኘዋል። በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በፊልቱ ወይም በዶሎ ኦዶ ለሚሠራ ሰው ግን የመነጽሩን ዕድሜ የሚወስነው በአብዛኛው ይኸው የተናቀ ክዳን ነው።

በደቡቡ ቆላ የርቀት መነጽር የሚይዘው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። የፓርክ ስካውት አለ፤ የወፍ ተመልካች ቱሪስት ይዞ የሚዞር አስጎብኚ አለ፤ የመንገድ ሥራ ቀያሽ አለ፤ ሠርግና ስብሰባ የሚቀርጽ ካሜራማን አለ። የጠመንጃ መነጽር ደግሞ ከሕጋዊ የስፖርት አደን ጋር የተያያዘ ነው። የዱር እንስሳት አደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት በፈቃድ ብቻ የሚካሄድ ሲሆን፣ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዛል። የመሣሪያው ዓይነት ቢለያይም ሌንሱ ያው ብርጭቆ ነው፤ የሚያበላሸውም ነገር አንድ ነው።

ያ ነገር አቧራ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በሻሸመኔ፣ በአዶላና በዋደራ በኩል ነገሌ የሚደርስ ተሳፋሪ ሻንጣውን ሲከፍት ቀዩን ዱቄት ከልብሱ እጥፋት ውስጥ ሳይቀር ያገኘዋል። ይህ አቧራ ሁለት ነገር የተቀላቀለበት ነው። አንዱ እንደ ዱቄት የላመ ሸክላ ሲሆን ቅንጣቱ ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ በጠባብ ቀዳዳ ሁሉ ይገባል፣ በማስተካከያው ቀለበት ሥር ተከማችቶም መሽከርከሪያውን ያከረዋል። ሁለተኛው የአሸዋ ቅንጣት፣ ማለትም ኳርትዝ ነው። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7 ላይ ሲቀመጥ ተራ ብርጭቆ ከ5.5 አካባቢ ብዙ አይዘልም። ስለዚህ አሸዋው ብርጭቆውን ይጭራል፤ ብርጭቆው ግን አሸዋውን ምንም አያደርገውም።

አቧራው ሌንሱ ላይ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚያደርሰው ጉዳት ከሚታሰበው በታች ነው። ጥቂት ቅንጣት የሚታየውን ምስል እምብዛም አይለውጠውም። ጉዳቱ የሚመጣው ሰው ሲጠርገው ነው። አይሱዙ አልፎ መንገዱ ሲጨስ ስካውቱ ወይም አስጎብኚው ባይኖኩላሩን ያነሣና በሸሚዙ ጫፍ፣ በሽርጡ ወይም ኪሱ ውስጥ ባገኘው ሶፍት ክብ ክብ እያደረገ ያሸዋል። በዚያች ቅጽበት ጨርቁ የብርጭቆ ወረቀት ሆነ ማለት ነው። ሌንሱ ለዓይን ጠርቶ ስለሚታይ ሰውየው ሥራውን በደንብ የሠራ ይመስለዋል፤ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ላየው ግን እንደ ሸረሪት ድር የረቀቁ ክብ ክብ ጭረቶች ይታያሉ። የክዳን ዋና ጥቅም እንግዲህ መጥረግ የሚያስፈልግበትን ጊዜ ማሳነስ ነው።

የሚጫረው ብርጭቆው ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። የዘመኑ ሌንስ ፊቱን ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ የሚያብረቀርቀው ነጸብራቅ ለመቀነስ የተቀባ ስስ ሽፋን ስላለው ነው። ይህን ሽፋን እ.ኤ.አ. በ1935 የሠራው በጀርመኑ የዛይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ነበር። ያልተቀባ ብርጭቆ በእያንዳንዱ ፊቱ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ይረጨዋል። አንድ ባይኖኩላር ውስጥ ብርሃን የሚያልፍባቸው ፊቶች ከአሥር ስለሚበልጡ ኪሳራው ሲደማመር ቀላል አይሆንም። ሽፋኑ ይህን ወደ ትንሽ ያወርደዋል፤ ውፍረቱ ግን ከሰው ፀጉር ብዙ መቶ ጊዜ ያንሳል። አንዴ ከተላጠ ባለቤቱ እቤቱ የሚመልሰው ነገር አይደለም።

ሽፋኑ የተላጠ ወይም የተጫረ ሌንስ ምስሉን አያጠፋውም፤ ያደበዝዘዋል። በተለይ ፀሐይ ከፊት ሲሆን በምስሉ ላይ ነጭ ጉም ይጋርዳል። ከነገሌ በስተደቡብ ምሥራቅ በተዘረጋው የሊበን ሜዳ ላይ ይህ ትርጉም አለው። በዚያ ሜዳ የሚኖረው የሊበን ላርክ እ.ኤ.አ. በ1968 ተይዞ በ1975 ለሳይንስ የተዋወቀ ሲሆን፣ በዓለም ላይ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች አንዱ ነው። ደረቅ ሣር ውስጥ የሚሮጥ ቡናማ ወፍ ነው፤ ሣሩም ቡናማ ነው። የላባውን ጠርዝ ከሣሩ የሚለየው የብርሃንና የጥላ ልዩነት ብቻ ስለሆነ፣ በጉም ውስጥ የሚያይ መነጽር ወፉን ከጓል መለየት ይሳነዋል። በዋደራና በገናሌ ወንዝ ዳር ዛፎች ጥላ ውስጥ የሚሰወረው የሩስፖሊ ቱራኮም ያው ነው። በአንጻሩ በያቤሎና በሜጋ ዙሪያ የሚኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1938 የተመዘገበው የቁጥቋጦ ቁራ የመንደር አጥር ሥር ስለሚለቃቅም ያለ መነጽርም ይታያል፤ የሱን ተመልካች ክዳን ብዙም አያስጨንቀውም።

ክዳን ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ልክ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ባይኖኩላር ላይ 8×42 ተብሎ ሲጻፍ ስምንቱ ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ 42ቱ ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ስንት እንደሆነ ይናገራል። የጠመንጃ መነጽር ላይ 3-9×40 ሲባልም 40ው የብርጭቆው ስፋት ነው። ክዳኑ ግን የሚገጥመው በቱቦው አፍ ላይ እንጂ በብርጭቆው ላይ አይደለም። የቱቦው የውጭ ስፋት ከብርጭቆው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ከአምራች አምራችም ይለያያል። «ባለ 40 ነው» ብሎ ባለ 40 ክዳን ያዘዘ ሰው የማይገባ ዕቃ ይደርሰዋል። ካሜራ ላይ ነገሩ ይቀላል፦ በሌንሱ ፊት ቀለበት ላይ በክብ ላይ ሰያፍ መስመር ካለው ምልክት ቀጥሎ 52፣ 58፣ 67 ወይም 77 የሚል ቁጥር ካለ፣ የክዳኑ ቁጥር እሱው ነው።

ለባይኖኩላርና ለጠመንጃ መነጽር መለካት ግድ ነው። ጋራዥ ውስጥ ካሊፐር ካለ በሱ፣ ከሌለም በወረቀት ይሠራል። አንድ ጣት ስፋት ያለው ወረቀት ተቆርጦ በቱቦው አፍ ዙሪያ ሳይላላና ሳይጨማደድ ይጠመጠማል፤ ጫፉ በተደራረበበት ቦታ በእስክሪብቶ ይጫራል፤ ከዚያ ተዘርግቶ በማስመሪያ ይለካል። ርዝመቱ 148 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለ3.14 ሲካፈል 47.1 ይመጣል፤ የሚፈለገው ክዳን ለ47 ሚሊ ሜትር የተሠራው ነው። የኋላው፣ ማለትም ዓይን የሚጠጋበት አፍ ስፋቱ ስለሚለይ ለብቻው መለካት አለበት። ቱቦው ፍጹም ክብ ያልሆነበት፣ በተለይም የዓይኑ ጫፍ በላስቲክ የተለበጠበት ጊዜ ሁለት ሦስቴ ለክቶ ትልቁን ቁጥር መያዝ ይሻላል።

ከዓይነቶቹ ሁሉ ቀላሉ በእጅ ተጎትቶ የሚወልቅ የላስቲክ ወይም የፕላስቲክ ቆብ ነው። ርካሽ ነው፤ አቧራ በደንብ ይዘጋል፤ ችግሩ መጥፋቱ ብቻ ነው። አስጎብኚው ወፍ ሲያይ ነቅሎ ኪሱ ይከተዋል፣ ከዚያ መኪና ውስጥ ይጥለዋል፣ በሦስተኛው ቀን የት እንደገባ አይታወቅም። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ሲወሰን በክር ወይም በላስቲክ ማሰሪያ ከመነጽሩ አካል ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ለባይኖኩላር የኋላ ሌንሶች ሁለቱን በአንድ ድልድይ ያያያዘ፣ የአንገት ማንገቻው በመሐሉ የሚያልፍበት ሽፋን ይሠራል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ በቆላው ከሚደረጉ ወጪዎች ሁሉ ይህን የሚያህል አትራፊ አይገኝም። የኋላው ሌንስ ደረት ላይ ወደ ሰማይ ተከፍቶ ስለሚውል አቧራውንም ጠብታውንም የዳቦውንም ፍርፋሪ የሚቀበለው እሱ ነውና።

ሁለተኛው ዓይነት በማጠፊያና በስፕሪንግ የሚከፈተው ነው። ለጠመንጃ መነጽር በብዛት የሚመረጠው ይኸው ሲሆን ባትለር ክሪክ በሚባለው የአሜሪካ ምርት ይታወቃል። አውራ ጣት ቁልፉን ሲነካው ክዳኑ ብድግ ይላል፤ ሲጫኑት ይዘጋል። ጥቅሙ በአንድ እጅ መሠራቱ ነው። በአንድ እጅ የማይከፈት ክዳን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይውላል፤ ተከፍቶ የሚውል ክዳን ከሌለው አይሻልም። ጉድለቱ ሦስት ነው። ስፕሪንጉ ሲፈናጠር የሚያሰማው ቀጭ የሚል ድምፅ ጸጥ ባለ ሜዳ ላይ ሩቅ ይሰማል፤ አጋዘንም ቆርኬም ጆሮው ቀጭን ነው፤ ስለዚህ ጣትን ደግፎ በቀስታ መልቀቅ መለመድ አለበት። ሌላው እሾህ ነው። በቦረና ቆላ ግራርና ቁጥቋጦው በበረከተበት መንገድ ብድግ ያለ ክዳን እንደ ጆሮ ተዘርግቶ ስለሚሄድ ቅርንጫፍ ይይዘዋል፤ ማጠፊያው ከፕላስቲክ ከሆነ ይሰበራል። ክዳኑ ሲከፈት ተቀልብሶ ከቱቦው ጎን የሚተኛ ቢሆን ይመረጣል። ሦስተኛው ፀሐይ ነው። ዓመቱን ሙሉ በሚወርደው ጨረር ርካሽ ፕላስቲክ ይደርቃል፣ ይነጣል፣ በመጨረሻ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። የአሉሚኒየሙ ይህ የለበትም፤ ይከብዳል፣ ይወደዳልም።

የጠመንጃ መነጽር የራሱ ጣጣ አለው። ከመግጠም በፊት መሣሪያው ባዶ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ከተገጠመም በኋላ የኋላው ክዳን ሲከፈት የመቀርቀሪያውን እጀታ መንገድ እንዳይዘጋ፣ የፊተኛው ደግሞ አፈሙዙን እንዳይነካ እጀታውን ወደ ኋላና ወደ ፊት እየጎተቱ ማየት ያስፈልጋል። ዓይንና መነጽር መሐል የሚተወው ርቀት በአብዛኛው ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። የክዳኑ ጠርዝ ወደ ዓይን ወጣ ብሎ ይህን ርቀት ካሳጠረው፣ መሣሪያው ሲተኮስ ወደ ኋላ ሲመታ ቅንድብ ይፈነክታል።

አቧራ ሳያስገባ በውስጡ ያሳያል ተብሎ የሚሸጥ ግልጽ ክዳንም አለ። ማራኪ ይመስላል፤ ግን ጥሩ ብርጭቆ ላይ ተራ ፕላስቲክ ደርቦ ማየት ማለት ነው። ፕላስቲኩ ራሱ ቶሎ ይጫራል፤ ነጸብራቅም ይጨምራል። ድንገት ለሚያስፈልግ እይታ ካልሆነ በቀር ገንዘብ የሚወጣበት አይደለም። ከፊት የሚገጠም የማር እንጀራ ቅርጽ ያለው መረብም ይሸጣል፤ እሱ የሌንሱን ብልጭታ ከሩቅ እንዳይታይ ይሸሽጋል እንጂ አቧራ አይከለክልም።

ሙሉ መነጽሩን እንደ ካልሲ የሚያለብስ የኒዮፕሪን ጨርቅ ለጉዞ ደህና ነው። ጠመንጃው ወይም ባይኖኩላሩ መኪና ውስጥ ሲንገላታ ግጭትን ያበርዳል፤ አቧራውንም ይይዛል። ከረጠበ ግን እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ እዚህ ላይ የቆላው ሁለተኛ ጠላት ይመጣል። ቦረናዎች ጋና የሚሉት ዋነኛው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሀገያ የሚሉት አጭሩ ደግሞ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ይጥላል። አየሩ ሲረጥብና መነጽሩ በቆዳ ወይም በጨርቅ ቦርሳ ታጭቆ ለሳምንታት ሲቀመጥ ሌንሱ ላይ ሻጋታ ይበቅላል። ሻጋታው ነጭ ክር መስሎ ይጀምርና የሚያወጣው አሲድ ሽፋኑን ይበላል። ስለዚህ በዝናብ ወራት ክዳኑም ቦርሳውም ማታ ማታ ተከፍቶ መናፈስ አለበት። ክዳን ሁልጊዜ ይዘጋ የሚለው ደንብ ለበጋ እንጂ ለጋና አይሠራም። መነጽሩ የሚቀመጥበት ዕቃ አየር የማያስገባ ከሆነ የመድኃኒትና የጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን ትንንሽ የሲሊካ ከረጢቶች መጨመር ይጠቅማል። ከረጢቶቹም ሲጠግቡ በመጠኑ ሙቀት ቢደርቁ መልሰው ይሠራሉ።

ሙቀት ሌላ ነገር ነው። ዶሎ ኦዶን በመሰለ ዝቅተኛ ስፍራ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተተወ መነጽር ሙጫው ይላላል፣ ቅባቱ ይቀልጣል። ክዳን ይህን አያድንም፤ መነጽሩ ከመቀመጫ ሥር ወይም በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ መቀመጥ አለበት። ክዳን የሚያድነው ከሌላው አደጋ ነው፦ ሌንስ የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ አንድ ነጥብ ላይ ያሳርፋል። ያለ ክዳን ፀሐይ ላይ የተተወ ካሜራ ወይም መነጽር በውስጡ ያለውን ክፍል ሊያቃጥል ይችላል። በመነጽር ፀሐይን ማየት ደግሞ በቅጽበት ዓይን ያጠፋል።

እነዚህ ክዳኖች በየከተማው ሱቅ ስለማይገኙ አንዳንዱ ሰው በጁ ባለው ነገር ይሠራል። ጎሚስታ ቤት ከሚጣል የውስጥ ጎማ ሁለት ክብ ቁራጭ ይወጣና በአንድ ቀጭን ጎማ ይያያዛል፤ አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ ይለጠጥና ይጫናል። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚሸጠውና በአንድ ላስቲክ የተያያዘው የጠመንጃ መነጽር ክዳን አሠራሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ሲፈለግ አንዱን ጫፍ ጎትቶ መልቀቅ ይበቃል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይወልቃሉ። ጥንቃቄው ጎማው ውስጥ የነበረውን ነጭ ዱቄት በሳሙና አጥቦ በደንብ ማድረቅና ላስቲኩ ብርጭቆውን ራሱን እንዳይነካ ቁራጩን ከጠርዙ አሳልፎ መለካት ነው። ጎማው በሙቀት መሰንጠቅ ሲጀምር ይጣላል፤ ጎሚስታው ሌላ አያጣም።

የቱንም ያህል ክዳን ቢኖር ሌንስ መቆሸሹ አይቀርም። ያኔ ቅደም ተከተሉ ይጠበቃል። መጀመሪያ አየር፣ ማለትም በእጅ የሚጨመቅ የላስቲክ መንፊያ ነው። መነጽሩን ወደ ታች ዘቅዝቆ መንፋት ቅንጣቱ ተመልሶ እንዳይቀመጥ ይረዳል። በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ይረጫል። የጎሚስታው ኮምፕረሰር ከዚያ ይብሳል፤ ዘይትና ውሃ የተቀላቀለበት አየር በኃይል ስለሚያወጣ አቧራውን ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ቀጥሎ ለስላሳ ብሩሽ ይመጣል፤ ጨርቅ የመጨረሻው ነው። የመነጽር ማጽጃ ጨርቅ በትንሹ ይረጥብና ከመሐል ወደ ጠርዝ ሳይጫኑ ይሳባል። ውሃ የማያስገባ ተብሎ የተሠራ ባይኖኩላር ጭቃ ከተለጠፈበት በንጹሕ ውሃ ቢታጠብ ከመጥረግ ይሻላል። የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ማዕድን ስላለው ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ይተዋል፤ ስለዚህ ሳይደርቅ በጨርቅ ማንሣት ያስፈልጋል። በሜጋ አቅራቢያ ወደ ኤል ሶድ የጨው ጉድጓድ ወርዶ የተመለሰ ሰውም የመነጽሩን አካልና የክዳኑን ማጠፊያ በዚያው ቀን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ አለበት፤ ጨው ስፕሪንግ ያዝጋል።

የክዳኑ ውስጠኛ ፊትም መጽዳት ይኖርበታል። ኪስ ውስጥ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር የቆየ ቆብ አሸዋውን ሰብስቦ ሲመለስ ሌንሱ ላይ ያራግፈዋል፤ ከመግጠም በፊት ገልብጦ በጣት መታ መታ ማድረግ ይበቃል። የማጠፊያው ዓይነት ከሆነ ደግሞ መገጣጠሚያው ውስጥ የገባው ሸክላ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይወጣል። ዘይት አይቀባም፤ ዘይት የተቀባ ማጠፊያ የቦረናን አቧራ ጠርቶ የሚያስቀምጥ ነው።

ሲገዙ መፈተን የሚቻለው በጥቂት ደቂቃ ነው። ክዳኑ ተገጥሞ መነጽሩ ወደ ታች ተዘቅዝቆ በመጠኑ ይነቀነቃል፤ ከወደቀ ልቅ ነው። ዓይን ተጨፍኖ በአንድ እጅ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከዚያ ተዘግቶ ወደ ብርሃን ይያዝና በሌላኛው ጫፍ ይታያል፤ በጠርዙ የብርሃን ክር ከገባ አቧራም ይገባል። የጠመንጃ መነጽር ክዳን የገዛ ሰው ሁለተኛ የፊት ክዳን አብሮ ቢያዝ ይሻለዋል፤ ቀድሞ የሚሰበረው የፊተኛው ነው፤ ከሞያሌ ወይም ከነገሌ ሆኖ አንዱን ብቻ ማስመጣት የሚፈጀው ጊዜና ወጪ ከክዳኑ ዋጋ ይበልጣል።